ደም ሥር በጠፋ ጊዜ፦ ከሆስፒታል በፊት የሚከፈት መስመር ታሪክ ከኦጋዴን ግንባር እስከ ደምበል

በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ ሕመምተኛው «ጉሉኮስ ተደረገልኝ» ይላል፤ የተሰጠው ኖርማል ሳላይን ይሁን ሪንገር ላክቴት ለእርሱ ለውጥ የለውም። በጅግጅጋና ከእርሷ በስተ ሰሜን ባሉት ከተሞች ደግሞ በሶማሊኛ የሚሰማው ቃል «ፈሌቦ» ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ፍሌቦ» የመጣ ሲሆን፣ ጣሊያንኛውም ከግሪኩ የደም ሥር መጠሪያ የተወሰደ ነው። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ ፈሳሹን፣ ሌላው ፈሳሹ የሚያልፍበትን መንገድ ስም አድርጎ ያዘ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው መንገዱን ነው።

የመንገዱ ዋጋ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። በአተት ምክንያት ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሆዱ ላይ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ የእጅ አንጓ ትርታው የማይዳሰስ ሕፃን፤ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ያለ እናት፤ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ሥር የወጣ መንገደኛ፤ እነዚህ ሁሉ ደም ሥራቸው የሚሰወረው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ሰውነት የቀረውን ደም ለልብና ለአንጎል ለማቆየት ሲል የእጅና የእግር ሥሮችን ያጨማድዳል። ነርሷ ክንድ አስራ ትዳስሳለች፣ ትወጋለች፣ ወደ ሌላው እጅ ትዞራለች፤ ደቂቃው ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ የፈሳሽ እጥረት ያወጣውና በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየው «ፕላን ሲ» ባለሙያውን በቅድሚያ የሚጠይቀው፣ የደም ሥር መስመር አሁኑኑ መክፈት ይቻል እንደሆነ ነው። ካልተቻለ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ ይህን ማድረግ የሚችል ተቋም በ30 ደቂቃ ውስጥ ይደረሳልን? በሲቲ ዞን፣ ከጅግጅጋ በስተ ሰሜን በኩል እስከ ሶማሊላንድ ወሰን በተዘረጋው የደምበል ወረዳ ግመሉንና ፍየሉን ተከትሎ ለሚኖር ቤተሰብ የዚህ ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አይደረስም» ነው። ስለዚህም የቅድመ ሆስፒታል የደም ሥር መስመር ታሪክ ለደምበል ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በኮሌራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ኮሌራ ወደ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት የነበሩት አየርላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ኦሾኔሲ የሕሙማኑን ደም መርምረው ውሃውና ጨዉ እጅግ መጉደሉን አሳዩ። በዚያን ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ደሙ መጥቆሩንና መወፈሩን አይተው ሕመምተኛውን ጭራሽ ደም ያስወጡት ነበር። የኦሾኔሲን አሳብ ወደ ተግባር የለወጡት በስኮትላንድ የሊዝ ወደብ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1832 ለጤና ቦርዱ በጻፉት ደብዳቤ እንደተረኩት፣ የመጀመሪያዋ ታካሚያቸው ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮላት ልትሞት የተቃረበች አሮጊት ነበሩ። ላታ በክንዳቸው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው ጨው ያለበትን ውሃ ጥቂት በጥቂት ሰደዱ። በመጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ቀጥሎ ትንፋሻቸው ቀለለ፤ ጎድጉደው የነበሩት ዓይኖች ብርሃን አገኙ፤ ጠፍቶ የነበረው የእጅ አንጓ ትርታ ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ3 ሊትር በላይ ፈሳሽ ከገባ በኋላ ሴትዮዋ በጠራ ድምፅ ሕመማቸው እንደለቀቃቸው ተናገሩ። ላታም መዳናቸውን አምነው ለሆስፒታሉ ሐኪም አስረክበዋቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰ፤ መስመሩ ግን ዳግመኛ አልተከፈተም። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ አረፉ።

ላታ ይህን ሽንፈት ሳይሸሽጉ ራሳቸው ማሳተማቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሴትዮዋን የገደላቸው የመርፌው ጉድለት ሳይሆን የርክክቡ ጉድለት ነበር፤ ሕሙማንን ወደ ሌላ ተቋም የሚልክ ባለሙያ ሁሉ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ደግ ነው። ላታ በ1833 ሞቱ፤ ዘዴውም ከእርሳቸው ጋር ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቀበረ። ዳግመኛ የተነሣው በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ በህንድ ካልካታ ሲሆን፣ በዚያ ሊዮናርድ ሮጀርስ ጨው የበዛበትን ፈሳሽ በደም ሥር በመስጠት የኮሌራን ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሱ። ያም ቢሆን በሆስፒታል አልጋ ላይ እንጂ በመንገድ ላይ አልነበረም።

ከሆስፒታል ውጭ ያለው ጥያቄ በጅግጅጋ አቅጣጫ በጦርነት መልክ የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲመሠረት የፋሺስት ወረራ ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። ማኅበሩ በዚያች አጭር ጊዜ የውጭ አገር ሐኪሞችንና የአገር ልጆችን አሰባስቦ የአምቡላንስ ቡድኖችን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ላከ። በደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በሚመራው የኦጋዴን ግንባር የቁስለኛው መንገድ ከቆራሄ ወደ ደጋሃቡር፣ ከደጋሃቡር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋም በካራማራ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ወደ ሐረር ነበር። በአሸዋና በጭቃ የሚያልፈው ይህ መንገድ በበጋው ለአውሮፕላን የተጋለጠ፣ በዝናቡም ጎማ የሚውጥ ነበር።

በጥቅምት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ቆራሄ በአውሮፕላን ስትደበደብ የምሽጉ አዛዥ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ቆሰሉ። ወታደሮቻቸው እንዳይሸበሩ በማለት ወደ ኋላ ሄደው መታከምን እምቢ አሉ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱም ሞቱ። ከሞታቸው በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተብሏል። የሕክምና ባለሙያ ግን ታሪኩን ሲያነብ አሳቡ ወደ ሌላ ይሄዳል፦ እሺ ብለው ቢሄዱስ ኖሮ በመንገድ ላይ ምን ይደረግላቸው ነበር? የዚያ ዘመን የጦር ሜዳ አምቡላንስ ሥራ ቁስል ማጠብ፣ ማሰር፣ የተሰበረውን መደገፍ፣ ሞርፊን መስጠትና መጫን ነበር። ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን አልደረሰም። እውነቱን ለመናገር፣ ለተመረዘ ቁስል የደም ሥር መስመር ብቻውን መፍትሔ ባልሆነ ነበር።

በዚያው ግንባር የረዱንን መዘንጋት አይገባም። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ዶክተር ሮበርት ሆክማን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደጋሃቡር ያልፈነዳ ቦምብ ለማምከን ሲሞክሩ ፈንድቶ ገደላቸው። በልዑል ኢስማኢል ዳውድ የሚመራው የግብፅ ቀይ ጨረቃ ቡድን በሐረርና በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን ሲያክም፣ ቀይ ጨረቃው እየታየ በቦምብ ተደብድቧል። በመጋቢት ወር ጅግጅጋ ራሷ ከዚያም ሐረር ተደበደቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጅግጅጋ በጠላት እጅ ገባች። እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ ላይ ካናዳዊው ሐኪም ኖርማን ቤቲዩን በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በማድሪድ ደም በጠርሙስ እየቀዳ፣ እያቀዘቀዘ፣ በመኪናም ወደ ግንባር እያደረሰ ቁስለኛው ባለበት የሚሰጥ ቡድን አቋቋመ። በኦጋዴን መንገድና በማድሪድ መንገድ መካከል የነበረው የጊዜ ልዩነት ወራት ብቻ ነበር። በአገራችን የደም ባንክ አገልግሎት በቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ዋና ነገር ወደ አጥንት እንምጣ። የደም ሥር ይጨማደዳል፤ አጥንት አይጨማደድም። በመቅኔ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች ግድግዳቸው በአጥንት የተደገፈ በመሆኑ ሰውየው በሾክ ላይ ቢሆንም ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ወደ ትልልቆቹ ሥሮችም ያፈስሳሉ። ይህን በምርምር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1922 የሃርቫርዱ ፊዚዮሎጂስት ሴሲል ድሪንከርና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የደረት አጥንትን የደም ዝውውር መርምረው መቅኔ ፈሳሽ መቀበያ በር ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1940 በፊላዴልፊያ ሊያንድሮ ቶካንቲንስ በጥንቸል የቅልጥም አጥንት ውስጥ የተሰጠ ፈሳሽ በፍጥነት ወደ ልብ እንደሚደርስ አረጋገጡ፤ ወዲያውም ከባልደረባቸው ጋር በሰው ላይ፣ በተለይም ደም ሥራቸው በማይገኝ ሕፃናት ላይ ተጠቀሙበት።

ዘዴው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተስፋፋ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሃሚልተን ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ደረት አጥንት መርፌ ሲጽፉ፣ በአየር ጥቃት ምክንያት መብራት በጠፋበት ሰዓት በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሊገባ መቻሉን እንደ ትልቅ ጥቅም ቆጥረውታል። ደም ሥር ይታይ ዘንድ ብርሃን ይሻል፤ አጥንት ግን በጨለማም ይዳሰሳል። በጦርነቱ ዘመን ይህ መንገድ ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ጥቅም ላይ መዋሉ በጽሑፎች ይጠቀሳል። በጊዜው የነበረው ሌላው አማራጭ ቆዳን በምላጭ ከፍቶ በቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለውን ደም ሥር አውጥቶ ቱቦ ማስገባት፣ ማለትም እኛ «ካት ዳውን» የምንለው ነበር። ይህም ያገለግላል፤ ነገር ግን ጊዜ ይወስዳል፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ ግን የአጥንቱ መርፌ ተረሳ። ምክንያቱም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በማዮ ክሊኒክ ዴቪድ ማሳ በብረት መርፌ ላይ የተሸፈነ የፕላስቲክ ቱቦ አስተዋወቁ፤ ዛሬ በየኪሳችን የምንይዘው ካኑላ የዚያ ልጅ ነው። ቀጥሎም በአንገትና በደረት በኩል ወደ ትልልቅ ሥሮች የሚገቡ ቱቦዎች መጡ። ብርሃን፣ የሠለጠነ እጅና ምቹ አልጋ ባለበት የአጥንት መርፌ አስፈላጊነቱ ቀነሰ። አስገራሚው ነገር እነዚህ ሁሉ በሌሉበትም ቦታ አብሮ መረሳቱ ነው። የሕክምና መጻሕፍት የሚጻፉት መብራት ባለበት ነውና፣ በዚያ የማያስፈልግ ነገር ከመጽሐፉ ሲወጣ በጨለማ የሚሠራውም ባለሙያ ያጣዋል። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቴክኖሎጂ ከሀብታም ወደ ድሃ አገር የሚወርድ ብቻ ሳይሆን፣ ለድሃው የሚበጀው በሀብታሙ ቤት ተረስቶ ሊጠፋም ይችላል።

የጠፋውን የመለሰው ደግሞ ኮሌራ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ጄምስ ኦርሎውስኪ በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ ህንድ አገር ሄደው፣ ደም ሥራቸው የጠፋ ሕፃናት በአጥንታቸው በኩል ፈሳሽ ሲሰጣቸው አዩ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተሙት ርእሰ አንቀጽ ርእሱን ከሼክስፒር ተውኔት አስመስሎ፣ ለአንድ የደም ሥር መስመር መንግሥቱን ሊሰጥ የተዘጋጀን ሰው ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕፃናት በተዘጋጀው የአሜሪካ የልብ ማኅበር የላቀ ሕይወት አድን ሥልጠና ውስጥ ዘዴው ተካተተ። ቆይቶም በስፕሪንግ የሚተኮሱና በባትሪ የሚሽከረከሩ መርፌዎች መጡ፤ አዋቂዎችም ተጨመሩ። በህንድ በድህነት ምክንያት የቆየው ጥበብ በዚህ ዓይነት በባትሪ ታጅቦ ወደ አሜሪካ አምቡላንሶች ገባ።

ከመርፌው ባልተናነሰ ደግሞ መርፌውን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 በቤልፋስት ፍራንክ ፓንትሪጅ የልብ ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል ከመጥራት ይልቅ ሐኪሙን በአምቡላንስ ወደ ቤታቸው ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት በፒትስበርግ ከተማ «ፍሪደም ሃውስ» የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት ሲመሠረት ደግሞ ሐኪም መላክ አላስፈለገም፤ ሥራ ያልነበራቸው የከተማው ጥቁር ወጣቶች በፒተር ሳፋር መሪነት ሠልጥነው በጎዳና ላይ መስመር መክፈት፣ የአየር ቱቦ ማስገባት ጀመሩ። ኋላም ናንሲ ካሮላይን የተባሉት ሐኪም መሯቸው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ተዘግቶ ሥራው ለከተማው አስተዳደር ቢተላለፍም፣ የእነዚያ ወጣቶች ሥልጠና ለአሜሪካ ፓራሜዲክ ትምህርት መሠረት ሆኗል።

እኛም ይህን ጥያቄ ከእነርሱ ቀድመን መልሰነው ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ወደማይደርስበት ገጠር የሚሄዱ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኗል። ከእነርሱም በፊት «ድሬሰር» የሚባሉት ረዳቶች በየአውራጃው ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረዋል። በአገራችን የሕክምናው ሥራ በአብዛኛው በሐኪም እጅ ብቻ ተወስኖ የቆየበት ዘመን የለም። የተወሰነው ድንገተኛ ሕክምናው ነው፤ እርሱ ከሆስፒታሉ በር ሳይወጣ ኖረ።

ጅግጅጋና አካባቢዋ የዚህን ዋጋ በተደጋጋሚ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 በሃርጌሳ አቅራቢያ በነበረው የጋኔት መጠለያ ጣቢያ በኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስደቱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ በ1980 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሃርጌሳ ስትደበደብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወሰን አቋርጦ ወደ ጅግጅጋ ሜዳዎች መጣ። ከጅግጅጋ በደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሃርቲሼክ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ሰው የያዘ፣ በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ተባለ። በሜዳው ላይ ውሃ ስላልነበረ በቦቴ ይመላለስ ነበር። በወቅቱ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ሕፃናቱ ሲመጡ ከነበሩበት ይልቅ በመጠለያው ከቆዩ በኋላ ምግብ እጥረቱ ባሰ። ጣቢያው እስከተዘጋበት እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ በዙሪያው የሠሩ ባለሙያዎች የደረቀ ሕፃን ክንድ ይዞ ደም ሥር መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በድርቁ ላይ አተት ተጨምሮ በአገሪቱ ከ40,000 በላይ ታማሚዎች ሲመዘገቡ አብዛኞቹ የሶማሌ ክልል ነዋሪዎች ነበሩ።

በዚህ ስፍራ ስለ ባንጋዎን አለማንሣት ፍትሕ ማጓደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በህንድና በባንግላዴሽ ወሰን በተነሣው የስደተኞች ኮሌራ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅባቸው ሲቃረብ፣ ጨውና ስኳር በበርሜል በጥብጠው ለሕሙማኑ ቤተሰብ አስረከቡ፤ ሞቱም ከመቶ ሠላሳ ገደማ ወደ ከመቶ አራት ያህል ወረደ። መርፌው የሚያስፈልገው ራሱን ለሳተው፣ መጠጣት ላቃተው ነው። የቀሩትን ብዙዎች ያዳነው የእናት እጅና ኩባያ ነው። ፕላን ሲም ይህን ይከተላል፤ መስመር መክፈት ካልተቻለና ተቋም በ30 ደቂቃ ካልተደረሰ፣ የሠለጠነ ባለሙያ በአፍንጫ በኩል በሚገባ ቱቦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ለ6 ሰዓት ይሰጣል።

መስመር መክፈት በራሱ ግብ አለመሆኑን ያስተማሩን ሌሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሂውስተን ከተማ ደረታቸውና ሆዳቸው ተወግቶ ወይም በጥይት ተመትቶ ደም ግፊታቸው በወረደ 598 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ፈሳሹ እስከ ቀዶ ሕክምናው ሰዓት የዘገየላቸው ከመቶ 70፣ ወዲያውኑ የተሰጣቸው ደግሞ ከመቶ 62 መትረፋቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በሚበልጡ ትኩሳት ባለባቸውና የደም ዝውውራቸው በተዳከመ ሕፃናት ላይ የተደረገው «ፊስት» የተባለው ጥናት ከዚህ ይበልጥ አስደነገጠ፤ በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ የተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ የበለጠ ሞቱ። ጥናቱ የተቅማጥ ሕሙማንንና በከፍተኛ ምግብ እጥረት የተጎዱትን ስላላካተተ ለአተት የሚሰጠውን ሕክምና አይሽረውም፤ ሆኖም በወባ የተቃጠለን ሕፃን በአተት እንደደረቀ ሕፃን ማከም ገዳይ መሆኑን ያስጠነቅቃል። የባትሪው መርፌም ቢሆን ከፈተና አላመለጠም። በብሪታንያና በዴንማርክ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2024 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው በቆመ አዋቂዎች ላይ የአጥንትንና የደም ሥርን መንገድ አወዳድረው በመትረፍ ረገድ ልዩነት አላገኙም። ደም ሥሩ ከተገኘ ደም ሥሩ ይበቃል፤ የአጥንቱ መርፌ ደም ሥር ለጠፋበት ሰዓት ነው።

በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ከሆስፒታል በር ለመውጣት የጀመረው ጉዞ ገና አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ጠብታ አምቡላንስን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ አከፋፈለ፤ ይህም በዋናነት ምጥ ለያዛቸው እናቶች የታሰበ ነበር። በጅግጅጋ የካራማራ ሆስፒታልና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሼክ ሐሰን የባሬ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ፤ በገጠሩ ደግሞ ተንቀሳቃሽ የጤናና የሥነ ምግብ ቡድኖች ከአርብቶ አደሩ ጋር ሲንቀሳቀሱ ቆይተዋል። መኪናው መጣ ማለት ግን ሕክምናው መጣ ማለት አይደለም። እናት ደሟ እየፈሰሰ በመኪና ለሰዓታት ብትጓዝና መስመር የሚከፍትላት ባይኖር፣ አምቡላንሱ ከቃሬዛ የሚሻለው በፍጥነቱ ብቻ ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስስ ደም የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ በሦስት ሰዓት ውስጥ በደም ሥር መሰጠት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2017 ከ20 ሺህ በሚበልጡ እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ለደምበል እናት ሦስት ሰዓት በመንገድ ላይ የሚያልቅ ጊዜ ነው።

ስለ መሣሪያው ውድነት ብዙ ይነገራል። በባትሪ የሚሠራው መርፌ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት የሆስፒታል ሕክምና ባሳተመው የኪስ መጽሐፍ ውስጥ የተገለጸው በእጅ የሚጠመዘዘው መርፌ ነው፤ እርሱም ቢታጣ ለትንንሽ ሕፃናት ወፍራም የተለመደ መርፌ ሊተካው እንደሚችል ይገልጻል። ቦታው ከጉልበት በታች ከሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በቅልጥሙ የውስጥ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ነው። ቆዳው በሚገባ ይጸዳል፤ መርፌው ከመገጣጠሚያው ራቅ ባለ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ በተሰበረ አጥንት ላይ አይገባም፤ ደም ሥር እንደተገኘ፣ ቢዘገይ እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 ከ4 ሺህ በላይ አጋጣሚዎችን የገመገመ ጽሑፍ የአጥንት መመረዝ ከመቶ አንድ በታች መሆኑን አስፍሯል። ስለዚህም ፍርሃቱ ከጉዳቱ ይበልጣል።

ለልምምዱም ቢሆን ከውጭ የሚገባ የፕላስቲክ እግር አያስፈልግም። ፍየል በታረደበት ቤት ቅልጥም አይጠፋም። አሠልጣኙ አጥንቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በጠረጴዛ ላይ ያስደግፈዋል፤ የሚገፋበትን አቅጣጫ አይቶ የራሱን እጅ ከሥሩ እንዳያደርግ ይጠነቀቃል። ተማሪው መርፌውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ሳይገፋ ወዲህና ወዲያ እያዞረ ይጫናል። መጀመሪያ አጥንቱ ይቋቋማል፤ ከዚያ በድንገት መርፌው እንደመላላት ብሎ ይገባል፣ እጅ ሲለቀውም ሳይደገፍ ቆሞ ይቀራል። መቅኔ ውስጥ መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በሲሪንጅ ሲሳብ ጥቂት ደም የመሰለ ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ባይመጣም ፈሳሹ በዙሪያው ሳያብጥ ከገባ መንገዱ ተከፍቷል።